ለገና ጨዋታ ተራ አስከባሪ

አውቶቡስ ተራ ስሙን ያገኘው ከአውቶቡሱ ብቻ ሳይሆን ከተራውም ነው። መርካቶ ውስጥ እያንዳንዱ ንግድ የየራሱ ተራ አለው፤ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ተራ ስፍራ ነው፤ ቅደም ተከተልም ነው። ማን ቀድሞ ይጭናል፣ ማን ቀጥሎ ይወጣል፣ ማን ቆሞ ይጠብቃል የሚለው ክርክር ሁሉ በዚህች ባለ ሁለት ፊደል ቃል ይፈታል። ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል ጎህ ሳይቀድ ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ ሀገር ቤት ለመሳፈር እዚህ የሚሰለፈው ሰው ለገና በዓል የሚሄድ ነው። በዓሉን ያከብራል፣ ዘመድ ይጠይቃል፣ ዶሮ ይበላል። የገናን ጨዋታ ግን ከዚህ ሁሉ ሰው ውስጥ ስንቱ ይጫወታል? ይህ ዳሰሳ የሚነሳው ከዚህ ጥያቄ ነው። በጠማማ ዱላ ኳስ የሚመታበት ጨዋታ በአንድ ወገን የዓለም ዋንጫና የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያለው ሆኪ ሆኗል፤ በእኛ ወገን ደግሞ የበዓል ማድመቂያ ሆኖ ቀርቷል። ልዩነቱን የፈጠረው የጨዋታው ዕድሜም ሆነ ውበቱ አይደለም። ሆኪ ተራ አስከባሪ አግኝቷል፤ ገና አላገኘም።

በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ የሚነሳውን አንድ አባባል ማጥራት ያስፈልጋል። ሆኪ ከእኛ የተወሰደ ነው፣ ገና የሆኪ አባት ነው የሚሉ አሉ። ክብርን ከመፈለግ የመጣ መሆኑ ይገባኛል፤ ማስረጃው ግን አይደግፈውም። በግብፅ ቤኒ ሐሰን ከክርስቶስ ልደት 2000 ዓመት ገደማ በፊት በተሠራ መቃብር ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዎች ጠማማ ዱላቸውን ኳስ ላይ አጋጥመው ይታያሉ። አቴና ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የተቀረጸ ድንጋይ ተመሳሳይ ጨዋታ ያሳያል። አየርላንዶች ኸርሊንግ፣ የስኮትላንድ ደገኞች ሺንቲ፣ የቺሌ ማፑቼዎች ፓሊን አላቸው። እኛው አገር ውስጥም ኦሮሞው ቂሌ ይለዋል። ከብት ያለበት፣ ዱላ የያዘ እረኛና ሜዳ የተገናኙበት ቦታ ሁሉ ይህ ጨዋታ በየራሱ ጊዜ በቅሏል። የክርስቶስን መወለድ የሰሙ እረኞች በደስታ በዱላቸው ኳስ መቱ የሚለው የእኛ ትውፊትም ጨዋታውን የሚሰጠው ለእረኛው ነው። ስለዚህ ቀዳሚነት ላይ የሚባክነው ጉልበት ሌላ ቦታ ቢውል ይሻላል።

ገና ስንል በዓሉንም፣ ጨዋታውንም፣ መጫወቻ ዱላውንም ነው። ዱላው ከዛፍ ሲቆረጥ ጀምሮ ጫፉ የተቆለመመ ተፈልጎ ይመረጣል፤ ተገልብጦ ሲያዝ ከዘራ ይመስላል። ጠፍጣፋ ፊት ስለሌለው በየትኛውም ጎኑ ይመታል። ኳሱ ሩር ነው፤ ጥንግ የሚለውም አለ። ከእንጨት ተጠርቦ ይድቦለቦላል ወይም ከጠፍር ይጎነጎናል፤ የእንጨቱ ይፈጥናል፣ የጠፍሩ ይምራል። ወቅቱም በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ እህሉ ታጭዶ ወደ አውድማ የሚገባበት ጊዜ ነው፤ ማሳው ይራቆታል፣ ከብቱ ቃርሚያው ላይ ይለቀቃል፣ እረኛውም ከጥበቃ እጁ ይፈታል። ያ የተራቆተ ማሳ ነው የጨዋታ ሜዳ የሚሆነው። ላይ ሰፈር ከታች ሰፈር፣ አጥቢያ ከአጥቢያ ይከፈላል፤ የተጫዋች ቁጥር አይወሰንም፣ ሰዓት አይያዝም፣ የሜዳው ጠርዝ ገደል ወይም ወንዝ ነው። ሩሩን በተጋጣሚው ወሰን ያሳለፈ ያሸንፋል፤ ያሸነፈም ተሸናፊውን በግጥም ይሸነቁጣል። በዚያች ቀን ጌታ በሎሌው ዱላም ሆነ ግጥም አይቆጣም። በማዕረግ በተደራረበ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ፈቃድ ትልቅ ነገር ነበር፤ ጨዋታው ስንት ዘመን እንዲዘልቅ ያደረገውም ይመስለኛል ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሆኪ እንሻገር፤ የውጭውን ዓለም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ። የለንደን ክለቦች ተሰባስበው ማኅበር ያቋቋሙት በ1886 ነው። በ1908 የለንደን ኦሊምፒክ ሆኪ ሲጀመር ከስድስቱ ቡድኖች አራቱ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ ስኮትላንድና ዌልስ ነበሩ፤ እንግሊዝ አየርላንድን 8 ለ 1 አሸነፈች። ያ በጎረቤታሞች መካከል የተደረገ ግጥሚያ እንጂ የዓለም ውድድር ሊባል አይችልም። በ1920 አንትወርፕ ላይ ተመለሰ፣ በ1924 ግን የፓሪስ አዘጋጆች አስወጡት፤ ጨዋታውን በዓለም ደረጃ የሚያስተዳድር አካል አልነበረውምና። ፖል ሌኦቴ የተባለ ፈረንሳዊ ከሰባት የአውሮፓ አገሮች የመጡ ማኅበራትን ይዞ ፓሪስ ውስጥ ዓለም አቀፉን የሆኪ ፌዴሬሽን መሠረተ። ቀኑ ጃንዋሪ 7 ቀን 1924 ነበር። በእኛ ሲቆጠር ታኅሣሥ 28 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፤ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር ልደት የተከበረው በዚያው በ28 ነው። እኛ ማሳ ላይ ሩር በምንመታበት በዚያው የገና ዕለት ፓሪስ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው የዱላ ጨዋታን መተዳደሪያ ይፈርሙ ነበር። ነገሩ የአጋጣሚ ነው፤ ልዩነቱ የተፈጠረበትን ቦታ ለማሳየት ግን ከዚህ የተሻለ ምስል አላገኘሁም።

ፍሬው ለመታየት አራት ዓመት ብቻ ፈጀ። በ1928 አምስተርዳም ላይ ሆኪ ወደ ኦሊምፒክ ሲመለስ ያሸነፈው የጨዋታው ደንብ ጸሐፊ እንግሊዝ ሳትሆን ቅኝ ተገዢዋ ሕንድ ነበረች። 29 ጎል አግብታ አንድም አልተቆጠረባትም፤ ከ29ኙ 14ቱ የተጫዋቿ የድያን ቻንድ ነበሩ። ከዚያ እስከ 1956 ሕንድ በተከታታይ ስድስት ወርቅ ወሰደች፤ በ1960 ሮም ላይ ያቋረጠቻት ፓኪስታን ናት፣ 1 ለ 0። ደንብ የባለ ሥልጣንን የበላይነት ያጸናል የሚል ካለ ይህን ታሪክ ይመልከት። ደንቡ ተጽፎ ለሁሉም እኩል ሲሆን ደካማ የተባለው ጠንካራውን በራሱ ጨዋታ የሚያሸንፍበት በር ተከፈተ። እኛ በገና ዕለት ለአንድ ቀን ለሎሌው የምንፈቅደውን ሆኪ በጽሑፍ ለዓመቱ ሁሉ ፈቀደ።

የዓለም ዋንጫውም የተወለደው ከእስያ ነው። ሐሳቡን ያመነጩት ፓኪስታናዊው የአየር ኃይል ማርሻል ኑር ካን ሲሆኑ ፌዴሬሽኑ በ1969 ተቀበለው። የመጀመሪያው በ1971 ፓኪስታን ውስጥ እንዲካሄድ ተወሰነ፤ ያ ዓመት ግን ፓኪስታንና ሕንድ ወደ ጦርነት የሚያመሩበት ነበርና የሕንድ ቡድን መምጣት ተቃውሞ አስነሳ። ውድድሩ አልተሰረዘም፤ ወደ ባርሴሎና ተዛወረ። አሥር ቡድኖች በሁለት ምድብ አምስት አምስት ሆነው ተጫወቱ፣ ፓኪስታን ስፔንን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። አራተኛዋ ማን እንደነበረች ብዙ አንባቢ አያውቅም፤ ጎረቤታችን ኬንያ ናት። የሴቶቹ የዓለም ዋንጫ በ1974 ፈረንሳይ ውስጥ ተጀመረ። በ1980 የሞስኮ ኦሊምፒክ፣ ምሩፅ ይፍጠር ሁለት ወርቅ ባገኘበት፣ የሴቶች ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ወርቁን የወሰደችው ነፃነቷን ካገኘች ወራት ብቻ የሆናት ዚምባብዌ ነበረች። አፍሪካ ለዚህ ጨዋታ እንግዳ አይደለችም።

የውድድሩን አሠራር ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነውና። በ2023 ሕንድ ውስጥ በቡባኔሽዋርና በሩርኬላ በተደረገው የዓለም ዋንጫ 16 ቡድኖች በአራት ምድብ ተከፈሉ። የምድብ አንደኛው በቀጥታ ሩብ ፍጻሜ ገባ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከሌላ ምድብ ሁለተኛና ሦስተኛ ጋር ተሻግረው ተጋጥመው ያሸነፈው ተከተለ፤ የተሰናበተው አራተኛው ብቻ ነው። የዚህ ጥበቡ ምን ላይ ነው? አንድ ቀን ክፉ የሆነበት ቡድን ጨርሶ አይወድቅም፤ ጎበዝ የሆነው ደግሞ አንድ ጨዋታ ይቆጠብለታል። ጨዋታው 15 ደቂቃ ያላቸው አራት ክፍሎች አሉት፤ ጎል የሚቆጠረው በግቡ ፊት ከተሠመረው ክብ ውስጥ ከተመታ ብቻ ነው፤ ዱላውም በጠፍጣፋ ፊቱ እንጂ በጀርባው አይመታም። በጥሎ ማለፍ ጨዋታ እኩል ከተለያዩ አንድ አጥቂ ከግቡ 23 ሜትር ርቆ ኳሱን ይዞ ይነሳል፤ ከግብ ጠባቂው ጋር ብቻውን ተፋጥጦ ስምንት ሰከንድ ይሰጠዋል። የዚያ ዓመት ፍጻሜ በዚህ ተለየ፤ ጀርመንና ቤልጂየም 3 ለ 3 ተለያይተው ጀርመን 5 ለ 4 ወሰደች። እነዚህ ደንቦች ከሰማይ አልወረዱም። ከጨዋታ ውጭ የሚለው ሕግ በ1990ዎቹ ተሰረዘ፣ ሁለቱ አጋማሾች ወደ አራት ክፍል የተቀየሩት ከአሥር ዓመት ብዙም በማይርቅ ጊዜ ነው። የተጻፈ ደንብ ይሻሻላል፤ ያልተጻፈ ግን ሽማግሌው ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

እንዲህ ከሆነ ገናን ትተን ሆኪን ለምን አንቀበልም የሚል ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። የምመልሰው በ1976 ነው። በዚያ ዓመት ሞንትሪያል ላይ የኦሊምፒክ ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ሠራሽ ምንጣፍ ላይ ተደረገ። በሣርና በአፈር ላይ ያደገችው፣ ከ1928 ጀምሮ በነበሩት ኦሊምፒኮች ሁሉ ከሜዳሊያ ያልጠፋችው ሕንድ ሰባተኛ ወጣች። ምንጣፉ ጨዋታውን አፍጥኖታል፣ አሳምሮታልም፤ ነገር ግን ሜዳው ራሱ ውድ ዕቃ ሆነ። ምንጣፉን ለማንጠፍና ውኃ ለማጠጣት አቅም ያላቸው ወደ ፊት ሄዱ። ሰፈር ውስጥ ባዶ መሬት ማግኘት ላቃተው የአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ልጅ ባለ ምንጣፍ ሜዳ ካልገነባህ አትጫወትም ማለት አትጫወት ማለት ነው። የገና ትልቁ ሀብት በተራቆተ ማሳ፣ ከጫካ በተቆረጠ ዱላ መጫወቱ ነው። ሆኪ ይህን በ1976 ሰጥቶ ፍጥነትን ወሰደ፤ እኛ የምንሰጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳዩት አየርላንዶች ናቸው። ሆኪ በእንግሊዝ በተደራጀበት በዚያው ዘመን፣ በ1884 ቴርልስ በተባለች ከተማ የአገር ጨዋታዎችን የሚያስተዳድር ማኅበር አቋቋሙ። ኸርሊንግን ወደ ሆኪ አልለወጡትም፤ የራሱን ደንብ ጻፉለት። የመሠረቱት ክለብ የሚቆመው በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ክልል ነው፤ በመጀመሪያው ዘመን የአጥቢያው አሸናፊ አውራጃውን ወክሎ ይወጣ ነበር፣ አውራጃዎቹ ለአገር ዋንጫ ይጋጠማሉ። የመጀመሪያው የአገር ውድድር አምስት አውራጃዎችን ብቻ ያጫወተ ነበር፤ የቡድኑ ቁጥር 21 ነበር፣ ወደ 17 ከዚያም ወደ 15 ወረደ። ዛሬ ፍጻሜው ደብሊን ላይ ከ80 ሺህ በላይ ሰው በሚይዝ ስታዲየም ይደረጋል፣ ተጫዋቾቹ ግን ደመወዝተኛ አይደሉም። ዩኔስኮ በ2018 ኸርሊንግን በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው፤ የእኛን ጥምቀት የመዘገበው በቀጣዩ ዓመት ነው። ከስኮትላንዱ ሺንቲ ጋርም ከሁለቱም የተቀላቀለ ደንብ አውጥተው አገር ለአገር ይጋጠማሉ። ዓለም አቀፍ ለመሆን ራስን መተው ግዴታ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ደብርና ቀበሌ ላለው፣ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ለሚከፋፈለው ለእኛ አገር ደግሞ የአጥቢያው መሠረት እንግዳ አይሆንም።

እኛስ ውድድር መፍጠር አናውቅበትም? እናውቅበታለን። በ1957 ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከአራቱ መሥራቾች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፣ ይድነቃቸው ተሰማም ከቆርቋሪዎቹ መካከል ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ በዘር የተለየ ቡድን ካልላክሁ ስላለች የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በሦስት ቡድን ብቻ ተደረገ። በሦስት ቡድን የተጀመረ ውድድር! ያን ጊዜ ይህ ምን ውድድር ነው ብለው ቢተዉት ኖሮ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፍንበት ቀን አይኖርም ነበር። ይድነቃቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው በ1987 ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ። በእግር ኳስ ለአህጉር ተራ አስከባሪ ያወጣ አገር ለገና ጨዋታው አንድ ማውጣት አያቅተውም።

ገና ደንብ የለውም ማለትም ስህተት ይሆናል። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከቀስት፣ ከኩርቦ፣ ከሻህ፣ ከቡብ፣ ከሁሩቤና ከፈረስ ጉግስ ጋር በደንብ አካቶ በባህል ስፖርቶች ሻምፒዮና ያወዳድራል። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ክፍተቱ ከሻምፒዮናው በታች ነው። ክልሎች ልዑካን ይልካሉ፣ ይጋጠማሉ፣ ሜዳሊያ ይሰጣል፣ ይበተናሉ፤ ሰፈር ውስጥ ግን ልጁ የሚያውቀው ቡድን፣ የሚጠብቀው እሑድ፣ ቂሙን የሚወጣበት የመልስ ጨዋታ የለም። ኸርሊንግ ከታች ተነስቶ ላይ ወጣ፤ የእኛ ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች አልወረደም።

ከተቃውሞዎቹ በጣም የሚከብደው የሃይማኖቱ ነው። ገና የክርስቲያን በዓል ነው፤ መርካቶ ደግሞ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን የቆሙበት፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ግድግዳ ተጋርቶ የሚነግድበት ሰፈር ነው። በዓሉን ውድድር ማድረግ አንዱን በዓሉን ያራክስበታል፣ ሌላውን ከሜዳ ያስወጣዋል ይባላል። ስጋቱን በቀላሉ አላየውም። ነገር ግን በዓሉ በቤተ ክርስቲያን ይከበራል፣ ጨዋታው በማሳ፤ ሁለቱ በቀን ይገናኛሉ እንጂ አንድ ሥርዓት አይደሉም። ቂሌ የሚጫወት ሙስሊም ልጅ ዱላውን ሲያነሳ ማንም ሃይማኖቱን አልጠየቀውም። ሁለተኛው ተቃውሞ የአካል ጉዳት ነው፤ የእንጨት ሩር ጥርስ ያወልቃል፣ ቅልጥም ይሰብራል። እውነት ነው፤ መፍትሔውም በእጃችን ነው፤ በከተማ ጨዋታ የጠፍር ሩር ብቻ ይፈቀድ፣ ዱላ ከትከሻ በላይ አይነሳ። ደንብ ነፃነቱን ይገድላል የሚሉትን በተመለከተ፣ ከገና ነፃነት ሊጠበቅ የሚገባው ግጥሙና ጌታ አለመቆጣቱ ነው፤ የተጫዋቹ ቁጥር አለመወሰኑ አይደለም። ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ሲያበቃ ለአሸናፊው የግጥም ደቂቃ ይስጥ፤ ይህን ደንብ ሆኪም ኸርሊንግም የላቸውም። ሴቶች ልጆችም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የራሳቸው ምድብ ይኑራቸው፤ ሆኪ በኦሊምፒክ ይህን ለማድረግ 72 ዓመት ፈጅቶበታል።

እንግዲህ ለአዲስ አበባ ምን ዓይነት አሠራር ይስማማል? የቀን መቁጠሪያው ዝግጁ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ እስከ ልደት ዋዜማ ቢያንስ ስድስት እሑዶች አሉ። ከተማው 11 ክፍለ ከተሞች አሉት፤ ያለፈው ዓመት አሸናፊ ሁለተኛ ቡድን ቢያስገባ 12 ይሞላል። በአራት ምድብ ሦስት ሦስት ቢሆኑ 12 የምድብ ጨዋታ በሦስት እሑድ ያልቃል፤ አራቱ የምድብ አንደኞች በአራተኛው እሑድ ለግማሽ ፍጻሜ ይጋጠማሉ፤ ፍጻሜው ጃንሜዳ ይሆናል። በድምሩ 15 ጨዋታ ነው፣ አንድ ትርፍ እሑድም ይቀራል። ሜዳ የለም የሚለው መከራከሪያ የሚጎዳው እንደ አዲስ ከተማ ያለውን የተጨናነቀ ክፍለ ከተማ ነው፤ እሱም በእሑድ ከትምህርት ቤት ግቢ ሊበደር ይችላል። ለ15 ጨዋታ ምንጣፍ አያስፈልግም፤ ኖራ፣ ፊሽካ፣ ዱላና ጠፍር ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚቀድም ሥራ አለ። የገና ደንብ ከመንደር መንደር ይለያያል፤ ሩሩ እንዴት እንደሚነሳ፣ ወሰኑ ምን እንደነበር፣ ሽማግሌ በምን እንደሚዳኝ የሚያውቁት አረጋውያን እያለፉብን ነው። አንባቢ ሆይ፣ ዘንድሮ ለገና ከአውቶቡስ ተራ የምትሳፈር ከሆነ ሻንጣህ ውስጥ አንድ ደብተር ጨምር። አያትህን ወይም የሰፈሩን ሽማግሌ ስለ ሩር ጠይቃቸው፤ የነገሩህን እንዳለ ጻፈው፤ ስትመለስም ለባህል ስፖርት ፌዴሬሽኑ ወይም ለክፍለ ከተማህ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ስጠው።